የአማፕ የአትክልት ቅርጫት በሊዮን፦ ያዋጣል ወይ?

መልሱን ላስቀድም። ያዋጣል። ግን ለሁሉም ሰው አይደለም። ደግሞ ሰው እንደሚያስበው በበጋ ሳይሆን ብርዱ ሲጠና ነው ጥቅሙ የሚታየው። ቅርጫቱን የሚያስተዋውቁት ፎቶዎች በሙሉ ቲማቲም፣ ዝኩኒና ደበርጃን ስለሆኑ ይህን ስል ብዙዎች ይገረማሉ። ጁላይ ላይ ጥሩ ቲማቲም የትም አለ። ፌብሩዋሪ ላይ ጭቃ የያዘ ሥራሥር ጠረጴዛችሁ ላይ ሲዘረገፍ ግን የሚያድናችሁ የፈረንሳይ ባልትና ነው። በተለይ ሥጋ የማትበሉ ከሆነ።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አማፕ ሱቅ አይደለም፣ ኩባንያም አይደለም። የሰፈር ሰዎች ማኅበር ያቋቁሙና ከአንድ ገበሬ ጋር ውል ይገባሉ። ውሉ የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ነው። ክፍያው አስቀድሞ ነው፤ ብዙ ቦታ ቼኮቹን በአንዴ ጽፋችሁ ትሰጣላችሁ፣ ገበሬው በየወሩ አንድ አንዱን ያስገባል። በምትኩ በየሳምንቱ ከማሳው የወጣውን ድርሻችሁን ትወስዳላችሁ። ምን እንደሚደርሳችሁ አትመርጡም። ውርጭ ቢመታው፣ ቀንድ አውጣ ቢበላው ጉዳቱ የጋራ ነው፤ ምርት ሲተርፍም ትርፉ የጋራ ነው። የመጀመሪያው አማፕ እ.ኤ.አ. በ2001 በደቡብ ፈረንሳይ ተጀመረ፣ የኦባኝ ከተማ ነዋሪዎች ኦሊዩል ካለ እርሻ ጋር ተዋውለው። ዛሬ በየከተማው አለ፣ ሊዮን ውስጥም በየሰፈሩ ታገኛላችሁ።

እኔ የምወስደው ትልቁን ቅርጫት ነው፣ በሳምንት 18 ዩሮ። ለሁለት ሰው ይበቃል፣ አንዳንዴም ይተርፋል። የማኅበሩንና የገበሬውን ስም አልጠራም፤ የማወራው ስለ አንድ ቡድን ሳይሆን ስለ አሠራሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የፈረንሳይ ምግብ ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት ሥጋ ነው። ዳክዬ፣ ወይን ውስጥ የበሰለ በሬ፣ ቋሊማ። ሊዮን ደግሞ በዚህ ባሰባት እንጂ አልቀነሰችም፤ ቡሾን የሚባሉት የከተማዋ ባህላዊ ምግብ ቤቶች ውስጥ ሥጋ የሌለበት ምሳ መጠየቅ ራሱ ወግ ይፈልጋል። ነገር ግን ቤት ውስጥ የሚበላው ሌላ ነው። ገጠሬው ፈረንሳዊ ለዘመናት ሥጋ በየቀኑ አይበላም ነበር፤ የኖረው በሾርባ፣ በግራታን (ኦቨን ውስጥ ላዩ እስኪቀላ በሚጋገር አትክልት) እና በወጥ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አትክልት፣ በየወሩ፣ የተፈተነ አሠራር አለ። ማንም "ቬጀቴሪያን" ብሎ አልጠራውም እንጂ ምግቡ ድሮም ነበር። ይህን ማወቅ ቅርጫቱን ይለውጠዋል። የማታውቁት ሥር ሲመጣ ምን ላድርገው ብላችሁ አትጨነቁም፤ ያገሬው ሰው ምን ያደርገዋል ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

ትልልቆቹ ሼፎችም ወደዚህ እየመጡ ነው። የመጀመሪያው አማፕ በተጀመረበት በዚያው በ2001፣ ፓሪስ ውስጥ አላን ፓሳር ሦስት የሚሽላን ኮከብ፣ ማለትም ለምግብ ቤት የሚሰጠው ከፍተኛው ማዕረግ፣ ካለው አርፔዥ ከተባለው ምግብ ቤቱ ቀይ ሥጋን አስወጥቶ አትክልትን የገበታው ባለቤት አደረገ። ኮከቦቹ አልተነሱበትም። የራሱን የአትክልት ማሳዎች አቋቋመ። በ2025 ደግሞ ከማር በስተቀር ከእንስሳት የሚገኘውን ሁሉ ተወ። እዚያ አልበላሁም፣ ዋጋውም ከኔ ኪስ ጋር አይተዋወቅም። የማነሳው ሐሳቡ ቅርጫቱ ከሚያስተምረው ጋር አንድ ስለሆነ ነው። አንድ አትክልት በወቅቱ ከመጣና በወግ ከተያዘ ከሥጋ አጠገብ የሚቀመጥ ማጀቢያ መሆኑ ይቀራል።

ካርዶንን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ካርዶን የሊዮን ሰዎች የዓመት መጨረሻ ኩራት ነው። የአርቲቾክ ዘመድ ነው፣ ግን የሚበላው አበባው ሳይሆን ቅጠሉን የተሸከመው ወፍራም ዘንግ ነው። ገበሬው መኸር ላይ ተክሉን ጠቅልሎ ብርሃን ይከለክለዋል፣ ያን ጊዜ ነጭና ለስላሳ ይሆናል። ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ግማሹ ውጭ ነው የሚቀረው፤ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። ቤት ሲደርስ ሥራው ይጀምራል። ሻካራ ጠርዙን በቢላ ትገፋላችሁ። ዘንጉን ከጫፉ ሰበር አድርጋችሁ ስትስቡት ረጅም ክር ይዞ ይወጣል፤ ክሩ እስኪያልቅ በሆዱም በጀርባውም መሳብ ነው። የተላጠው ቁራጭ ወዲያው ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ ካልገባ ይጠቁራል። ጣታችሁም ይጠቁራል፣ በሳሙና ቶሎ አይለቅም፣ ጓንት አድርጉ። ከዚያ አንድ ማንኪያ ዱቄት የተበጠበጠበት ጨዋማ ውሃ ውስጥ 40 ደቂቃ ያህል ይቀቀላል። ዱቄቱ ነጭነቱን ይጠብቅለታል።

ባህላዊው አሠራር ከዚህ በኋላ የበሬ መቅኔ ይጨምርበታል። እኔ መቅኔውን ትቼ ቤሻሜል፣ ማለትም የቅቤ፣ የዱቄትና የወተት ነጭ ስጎ፣ እሠራለሁ፣ ገውዝ ፈቅፍቄ አገባበታለሁ፣ ከላይ ኮምቴ ፎርማጆ ነስንሼ ኦቨን ውስጥ ዳር ዳሩ እስኪቀላ አቆየዋለሁ። ጣዕሙ የአርቲቾክ ልብ ነው፣ መጨረሻው ላይ መረር ይላል። ያ ምሬት ከወተቱና ከፎርማጆው ጋር ሲገናኝ መቅኔው የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ እንግዳ የለም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ካርዶንን በጠርሙስ ተቀቅሎ ታገኙታላችሁ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ናቬ የሚሉት ክብ፣ ነጭና ወይን ጠጅ መልክ ያለው ሥርም እንደዚያው ነው። ብዙ ሰው የሚጠላው ውሃ ውስጥ ስለሚቀቅለው ነው። ቅርጫት ስናከፋፍል አብረውኝ የቆሙ አንዲት ትልቅ ሰው አሠራሩን ነገሩኝ፣ ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ሠርቼው አላውቅም። ሰፊ መጥበሻ ላይ ሳይደራረብ ይደረደራል። ውሃ እስከ ወገቡ ብቻ። ትንሽ ቅቤ፣ ቆንጠር ተደርጎ ስኳርና ጨው። ከላይ የመጋገሪያ ወረቀት በክብ ተቆርጦ፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ተበጅቶለት ይሸፈናል። በዝግታ እሳት ውሃው እየተነነ ሲያልቅ ቅቤውና ስኳሩ ወፍረው ሥሩን ያለብሱታል። "ማንኪያ አይገባበትም፣ መጥበሻው ነው የሚወዘወዘው" አሉኝ፤ እውነት ነው፣ በማንኪያ ከነካችሁት ይፈርሳል። ሲወጣ ያብለጨልጫል። ትንሽ ቆየት ካደረጋችሁት ቡናማ ይሆናል፣ እኔ ቡናማውን ነው የምወደው። ካሮትም ትንንሽ ሽንኩርትም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ይህችን አንዲት ብልሃት ከያዛችሁ የክረምቱን ቅርጫት ግማሹን ተወጣችሁት።

ባሮ ሽንኩርት በየሳምንቱ ይመጣል፣ አንዳንዴ ያሰለቻል። ፈረንሳዮች የድሃ አስፓራገስ ይሉታል፤ አስፓራገስ በጸደይ የሚቆረጥ ውድ ለጋ ቡቃያ ነው። ነጩን ሙሉውን ቢላ እስኪያልፍበት ቀቅሉት፣ ውሃው በደንብ ይጠንፈፍ፣ ገና ለብ እያለ በሰናፍጭ፣ በአቼቶና በዘይት የተመታ ስጎ አፍስሱበት፣ ከፈለጋችሁ የተቀቀለ እንቁላል ከትፋችሁ ከላይ በትኑበት። ለምሳ ከዳቦ ጋር በቂ ነው። አረንጓዴውን እንዳትጥሉ! ከካሮት ቁርጥራጭ፣ ከፐርስሜሎ አገዳ፣ ከጦስኝና ከሎሬል ቅጠል ጋር ቀቅሉት፣ የአትክልት መረቅ ይወጣዋል። ያ መረቅ ነው የሥጋውን ቦታ የሚተካው። ሥጋ አልባ የፈረንሳይ ምግብ ባዶ ባዶ አለኝ የሚል ሰው ሳገኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ መረቁን ራስህ ሠርተሃል ወይ ነው። ሱቅ ከሚሸጠው የመረቅ ኩብ የሚወጣው ጨው እንጂ ጣዕም አይደለም።

የሴለሪ ሥር ጥሬውን እንደ ክብሪት እንጨት ተከትፎ ሰናፍጭ ባለበት ማዮኔዝ ሲለወስ ሬሙላድ ይባላል። ቀላል ነው፣ አሪፍ ነው፣ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ቶፒናምቡርና ሩታባጋ ግን ወሬ አላቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ድንቹን ሲወስዱት ሕዝቡ የኖረው በእነዚህ ሁለት ሥሮች ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቤት ለአሥርተ ዓመታት ዞር ብሎ አላያቸውም። አሁን ተመልሰዋል። ቶፒናምቡር ጣዕሙ ግሩም ነው፣ የለውዝና የአርቲቾክ ዓይነት። ሆድ ግን ይነፋል፣ ውስጡ ያለውን ኢኑሊን የሚባል ነገር አንጀት በቀላሉ ስለማይፈጨው ነው። ለእንግዳ ስታቀርቡ በልኩ። ሩታባጋውን እኔ ከድንች ጋር አፍርጬ ነው የምበላው፤ ለብቻው አልወደድኩትም፣ አልደብቅም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ኤፕሪል ላይ ነው። የክረምቱ ክምችት አልቋል፣ አዲሱ ገና አልደረሰም። ሱቁ በስፔን እንጆሪና በሞሮኮ ቲማቲም ተሞልቶ የእናንተ ቅርጫት አንድ ሰላጣ፣ ጥቂት ፍጅል፣ ያቆጠቆጠ ድንችና ስፒናች ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚከፈለው ግን ያው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ጁላይ ላይ ይካካሳል ይሏችኋል፣ እውነትም ይካካሳል። የኔ ቅሬታ ቅርጫቱ መሳሳቱ አይደለም፤ አስቀድሞ አለመነገሩ ነው። በእኛ ማኅበር አዲስ ገቢ ሲመዘገብ ስለ ኤፕሪል አንድ ቃል አይነሳም፣ ከዚያ ሰው ተናዶ ውሉን አያድስም። ፊት ለፊት ቢነገር ግማሹ ይቆይ ነበር። በነዚያ ሳምንታት የሚያተርፋችሁ አለመጣል ነው። የፍጅሉን ቅጠል ከድንችና ከሽንኩርት ጋር ቀቅላችሁ ፍጩት፣ ክሬም ጠብ አድርጉበት። አረንጓዴ፣ ትንሽ የሚለበልብ፣ ደስ የሚል ሾርባ ነው። ፍጅሉን ራሱን ደግሞ በዳቦ፣ በለጋ ቅቤና በጨው። እዚህ አገር እንደዚያ ነው የሚበላው፣ ቅቤው የፍጅሉን ማቃጠል ያበርደዋል።

ወቅትን ማሸነፍ የሰው የቆየ ፍላጎት ነው። ከ1678 እስከ 1683 ቬርሳይ ውስጥ ለሉዊ 14ኛ የተሠራውን የንጉሡን የአትክልት ቦታ ያቀናው ላ ኬንቲኒ፣ በትኩስ ፍግ ሙቀትና በመስታወት ክዳን እየታገለ በክረምት አስፓራገስ፣ ማርች ላይ እንጆሪ ለንጉሡ ያቀርብ ነበር። ያኔ ያለወቅቱ መብላት የንጉሥ ቅንጦት ነበር። ዛሬ ያለወቅቱ የመጣው ነው ርካሹ፣ ጣዕሙም የለም፤ ቅንጦቱ የሆነው ጠብቆ መብላት ነው። ይህ የገባኝ በአተር ነው።

አተሩ የሚመጣው ሜይ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከነገለባው፣ ከረጢት ሙሉ። ፈልፍላችሁ ስትጨርሱ እፍኝ ነው የሚሆነው። ግን እንደ ፈረንሳዮቹ ሥሩት። ድስት ውስጥ ቅቤ፣ ትንንሽ ሽንኩርት፣ አተሩ፣ ከዚያ ሰላጣ በሰፋፊው ተቆርጦ ከላይ። ቆንጠር ስኳር፣ ጨው፣ ጥቂት ውሃ፣ ክዳን። ሰላጣው ውሃውን እየለቀቀ አተሩን በራሱ እንፋሎት ያበስለዋል። ብዙ ቤት የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ይጨምርበታል፤ ሳይጨመርበት ይሻላል፣ አተሩ ጣፋጭነቱን የሚያሳየው ያኔ ነው። ከበረዶ ቤት በወጣ አተር ይህን መሥራት ይቻላል፣ ግን ቅጠላ ቅጠሉ መዓዛ አይመጣም። አንድ ሁለት ሳምንት ነው የሚቆየው፣ ከዚያ ለዓመቱ አለቀ። አስፓራገስም እንዲሁ ነው፤ በልማድ ሰኔ ዮሐንስ ከሚሉት ከጁን 24 በኋላ ገበሬው መቁረጡን ያቆማል፣ ተክሉ ለከርሞ ኃይል እንዲያጠራቅም።

የበጋውን ቶሎ ልለፈው፣ የሚከብድ ነገር ስለሌለበት። ራታቱይ ስትሠሩ ደበርጃኑን፣ ዝኩኒውን፣ ፔፐሮኒውን ለየብቻ ጥበሱና መጨረሻ ላይ ቲማቲሙ ውስጥ አገናኙ፤ ሁሉንም በአንዴ ከከተታችሁት ገንፎ ይሆናል። በደቡብ ፈረንሳይ ያለችው የፕሮቫንስ ሾርባ ደግሞ ፎሶሊያ፣ ትኩስ አደንጓሬ፣ ዝኩኒና ፓስታ ነው፤ ባዚልና ነጭ ሽንኩርት ከወይራ ዘይት ጋር ተወቅጦ ከእሳት ከወረደ በኋላ ብቻ ይጨመርበታል። እሳት ላይ ከነካው መዓዛው ይሞታል።

ጾም ለምትጾሙ አንድ ነገር ልበል፤ ጥያቄው ሁሌ ይመጣልኛል። ሥጋ የለውም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። የሊዮንና የሰሜኑ ምግብ በቅቤ፣ በክሬምና በእንቁላል ነው የሚቆመው። ወደ ደቡብ በወረዳችሁ ቁጥር ቅቤው ቦታውን ለወይራ ዘይት ይለቃል። ስለዚህ ራታቱዩ እንዳለ ይሆናል፣ የፕሮቫንሱ ሾርባ ፎርማጆ ካልተፈቀፈቀበት ይሆናል፣ ባሮ ሽንኩርቱ ያለ እንቁላል ይሆናል። ናቬውን በዘይት ሞክሬዋለሁ፣ ማንጸባረቁ ይቀንሳል እንጂ ይበላል። ሥጋን በመርህ ለምትተዉም ሌላ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ኮምቴ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ነው፣ ደንቡም ይኸው ነው። ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ካርዶኑን ያለ ፎርማጆ በቤሻሜልና በተፈረፈረ ደረቅ ዳቦ ጋግሩት።

የአሠራሩን ድክመት ሳልናገር አላልፍም። ማከፋፈያው ሐሙስ ምሽት ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው። ሥራ ካመሻችሁ ሰው መላክ አለባችሁ፣ ካልሆነ ቅርጫቱ ለሌላ ይሰጣል፣ ገንዘብ አይመለስም። ተራ ሲደርሳችሁ ቆማችሁ ታከፋፍላላችሁ፣ ይህ ግዴታ ነው። ለኔ ይህ ከጥቅሙ ይቆጠራል፤ ባልትናውን ያወቅኩት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከቆሙ ሰዎች ነው። ማታ ደክሟችሁ ለምትገቡ ግን ሸክም ነው። አትክልቱ ጭቃና ተባይ ይዞ ይመጣል፣ ሰላጣውን ትንሽ አቼቶ ባለበት ውሃ ዘፍዝፉት። የካሮቱን ቅጠል በዚያው ምሽት ቁረጡ፣ ካለዚያ ውሃውን ከሥሩ ይመጠውና በማግስቱ ካሮቱ ይልፈሰፈሳል። የማትወዱት ነገር ከደረሳችሁ መለዋወጫ ሳጥን አለ፣ ግን ቀድሞ የመጣ ነው የሚጠቀመው። እኔ ሩታባጋ ሲበዛብኝ የማስቀምጠው እዚያ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በበጋ ገበያ ወጥታችሁ መዝጊያው ሰዓት ላይ ብትገዙ ከዚህ በርካሽ ታገኛላችሁ። በክረምት ግን የኦርጋኒክ ሱቅ ውስጥ ተመሳሳዩን ክብደት ሳሰላ ቅርጫቱ ሁሌ ይሻላል፣ ትኩስነቱ ሳይቆጠር። ብቻችሁን የምትኖሩና በሳምንት ሁለቴ ብቻ የምታበስሉ ከሆነ አትግቡበት፣ ግማሹ ይበሰብስባችኋል። ወይም ከጎረቤት ጋር አንዱን ተካፈሉ፣ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል።

ለመግባት የምታስቡ ከመፈረማችሁ በፊት ገበሬውን ሦስት ነገር ጠይቁት። በዓመት ስንት ሳምንት ቅርጫት አይኖርም? ኤፕሪል ላይ ያለፈው ዓመት ቅርጫት ውስጥ ምን ነበር? ድንቹና ዱባው ከራሱ ማሳ ነው ወይስ ከሌላ ገበሬ ይገዛል? ሦስተኛውን ሲመልስ የሚያንገራግር ከሆነ ሌላ ማኅበር ፈልጉ። የኛው ገበሬ ዱባውን ከጎረቤቱ እንደሚያመጣ ሳይጠየቅ ነው የተናገረው፣ ውሉ ላይም ተጽፏል፤ እኔም ለሚቀጥለው ወቅት ፈርሜያለሁ፣ ትልቁን ቅርጫት።